ግልገሎቹስ ደህና ናቸው

መንዝ ውስጥ በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ስሠራ፣ በኅዳር ወር ለአንድ ሽማግሌ ገበሬ ደወልኩ። በቅጹ ላይ የሚሞላው አንድ ቃል ነው፤ ደህና ወይም ታመዋል።

«አባባ፣ በጎቹ እንዴት ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ግልገሎቹስ ደህና ናቸው።»

«ደህና» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ።

ማታ መዝገቡን የምታየው አንጋፋዋ ባልደረባዬ የሰውዬውን ቃል እንዳለ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «እናቶቹስ?» አለች።

ደነገጥኩ። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው! «ግልገሎቹም ደህና ናቸው» ቢሉኝ ኖሮ እናቶቹም ደህና መሆናቸው ይገባኝ ነበር። ሽማግሌው ግን «ም»ን ትተው «ስ»ን መረጡ፤ ያቺ አንዲት ፊደል ስማቸው ያልተጠራውን ጎትታ ታመጣለች። «እኔስ ደህና ነኝ» የሚል ሰው ቤቱ የታመመ እንዳለ ለማን ይጠፋዋል? ለማያውቁት ወጣት በስልክ ጉዳታቸውን መዘርዘር አልወደዱም፤ ቢሆንም አልደበቁኝም። እኔ የሰማሁት ቅጹ የሚፈልገውን ቃል ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሄድን። ሁለት በጎች ሞተዋል፤ የቀሩት እናቶች ከስተዋል፣ ከመንጋጋቸው ሥርም አብጠዋል። የጉበት ትል ነው። ትሉ በረግረግ ቀንድ አውጣ አልፎ ሣሩ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ጨፌ ሲግጡ የከረሙት እናቶች ተለከፉ፤ ቤት ሆነው ጡት የሚጠቡት ግልገሎች ተረፉ። የምርመራው ግማሽ ስልኩ ላይ ተነግሮኝ ነበር።

ፈላስፋው ፖል ግራይስ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ምሳሌ አለ። መምህር ለፍልስፍና ሥራ ላመለከተ ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፣ ከትምህርትም አይቀርም ብሎ ያበቃል። ስለ ፍልስፍና ችሎታው መጻፍ እየቻለ ዝም ማለቱን ያየ አንባቢ ፍርዱን ያውቀዋል። ለግራይስ ደብዳቤ ያስፈለገውን ሽማግሌው በአንድ ፊደል ጨርሰውታል።

መድኃኒቱን ሰጥተን ተመለስን። ከወር በኋላ ስደውል «እናቶቹም ደህና ናቸው» አሉኝ። «ም»ን ሰምቼ ጻፍኩ።