«ይለምዳል» የተባለው ፍሬን

አዲስ የፍሬን ሸራ አስገብቶ ጎማው አልለቅ ያለው ሰው ጋራዥ ሲመለስ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «አይዞሽ፣ ትንሽ ንጂው፣ ይለምዳል።» አይለምድም። አዲስ ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ለስለስ አድርጎ ቢነካካ፣ ጎማው በእጅ ሲዞር ሽውታ ቢሰማ ችግር የለውም። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፈትታችሁ መኪናው አልንቀሳቀስ ሲል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የእኔዋ አሮጌ ኮሮላ ከመገናኛ ወደ ሳሪስ ስነዳ መሪዋ ወደ ቀኝ ይጎትተኝ ጀመር። ቀጥሎ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ዳር ይዤ ወረድኩና እጄን ወደ ፊት ቀኙ ቸርኬ ሳስጠጋ፣ ሳልነካው ሙቀቱ ፊቴ ድረስ ደረሰኝ። የግራው ለብ ብሎ ነበር፣ ያ ብቻ። ጋራዡ ካሊፐሩን፣ ማለትም ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚቆነጥጠውን ክፍል፣ በመዶሻ ቸብ ቸብ አድርጎ «ይለምዳል» ሲለኝ፣ መኪናዬን አዙሬ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በመካኒክነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ።

«የዲስክ ፍሬንን ወደ ኋላ የሚመልሰው ምን ይመስልሻል?» አሉኝ። ስፕሪንግ መሰለኝ። ነገሩ ሌላ ነው። ካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን የከበበች አንዲት የጎማ ቀለበት አለች። ፍሬን ሲረገጥ ከፒስተኑ ጋር ትጎብጣለች፤ እግር ሲነሳ ወደ ቅርጿ ስትመለስ ፒስተኑን በጥቂቱ ይዛው ትመለሳለች። የመመለሻው ጉልበት በሙሉ ይኸው ነው። ስለዚህ ትንሽ ዝገት፣ ትንሽ የደረቀ ቆሻሻ ያሸንፋታል። አሮጌው ሸራ ሲያልቅ ደግሞ ፒስተኑ ረጅም ወጥቶ ይቆያል፤ የአቧራ መከላከያው ከተቀደደ የወጣው ክፍል ይዝጋል። አዲስና ወፍራም ሸራ ሲገባ ያ የዛገ አካል ተገፍቶ ወደ ውስጥ ይገባል። በሽታው የቆየ ነው፤ የሚታየው ግን ሸራው በተቀየረበት ቀን ነው።

ጋሼ ምንም ሳይፈቱ መኪናውን በክሪክ አነሡ፣ የኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገቡ። ፍሬን እንድረግጥና እንድለቅ አዘዙኝ። ጎማው ዞር አልል አለ። ከዚያ የካሊፐሩን አየር ማስወጫ ብሎን ሩብ ዙር አላሉ። ዘይቱ ተፈናጥሮ ወጥቶ ጎማው ቢፈታ ኖሮ፣ ግፊት ታፍኗል ማለት ነው፤ ጥፋተኛው ውስጡ አብጦ የተዘጋ የጎማ ቱቦ ወይም ዋናው የፍሬን ፓምፕ ይሆን ነበር። ጥቂት ጠብታ ወረደ፤ ጎማው እንደ ተያዘ ቀረ።

«ቱቦው ከደሙ ንጹሕ ነው» አሉ። «መካኒካል ነው።»

ካሊፐሩን ፈትተው በሽቦ ሰቀሉት። በቱቦው ማንጠልጠል በእሳቸው ፊት ነውር ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ። የላይኛው በጣት ወጣ። የታችኛው ግን በፒንሳ እየተጠማዘዘ ነው የወጣው፤ ጫፉ ላይ ያለችው የጎማ እጅጌ ከቀዳዳዋ በላይ ወፍራለች፣ ዙሪያዋን ጥቁር ሙጫ ለብሳለች። ያ ሙጫ ለኩሽኔታ የሚሆን ተራ ግራሶ ነበር። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ግራሶ የፍሬን ጎማን ያሳብጠዋል። ፒኑ ሲያዝ ካሊፐሩ አይንሸራተትም፣ የውጪው ሸራ ዲስኩን አይለቅም።

ለዚህ ቦታ የሚሆነው የሲሊኮን ግራሶ ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ ስጠይቅ አንዱ ባለሱቅ ያንኑ ተራ ግራሶ እያሳየኝ «አንድ ነው» ብሎ ማለልኝ። ትንሿን የሲሊኮን ግራሶ ያገኘሁት ብዙ ሱቅ ካንኳኳሁ በኋላ ነው። ፒኑ ከነጎማው ተቀየረ። ሸራው የሚቀመጥባቸውን የብረት ጆሮዎች ጋሼ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጓቸው፤ ሸራ በጣት ተገፍቶ መግባት አለበት፣ መዶሻ ከጠየቀ አንድ ነገር አለ ማለት ነው ይላሉ። ፒስተኑን የገፉት የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፍተው፣ በዝግታ ነው። የሚመለሰው ዘይት ሞልቶ ከፈሰሰ የመኪናውን ቀለም ይልጠዋል። ደግነቱ ፒስተኑ ሳያንገራግር ገባ።

ዘይቱንም አስቀየሩኝ። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አይፈላም፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። የተያዘ ፍሬን ዘይቱን ያግላል። ከእንጦጦ እየወረዳችሁ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። «ይለምዳል» ሲሉኝ ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው።

የተቃጠለው ሸራ ተጣለ፤ የአንዱን ጎማ ሸራ ብቻ መቀየር ስለማይሆን የግራውም አብሮ ተጣለ። ጋራዡን ስጠይቅ «ዕቃውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ክርክሩ አልቆ ሳይሆን ደክሞኝ ተውኩት። አሁን ከረጅም መንገድ ስመለስ ሁለቱን የፊት ቸርኬዎች በእጄ ጀርባ አስጠግቼ አነጻጽራለሁ፤ ሙቀታቸው አንድ ነው። የኋላዎቹ በዲስክ ሳይሆን በታምቡር ነው የሚሠሩት፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ስለ ላላ ጋሼ ለቅዳሜ ቀጥረውኛል።