ድመት ከአሸዋዋ ውጭ ስትሸና፦ ቤት ውስጥ የማስተካክልበት መንገድ

ድመት ሶፋ ላይ ብትሸና ተቀይማ አይደለም። «ብቻዋን ጥለናት ስለዋልን ነው» የሚለው አባባል ሰውን ወደ ቁጣና ወደ ጥፊ ስለሚመራ ችግሩን ያብሰዋል። የተመታች ድመት የምትማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው እያየ አለመሽናትን። ከዚያ በኋላ ሽንቷን ከአልጋ ሥር ትፈልጋላችሁ። ድመት ሳፋዋን፣ ማለትም አሸዋ ተሞልቶላት የምትጸዳዳበትን ዕቃ፣ የምትተወው ወይ አሟት ነው፣ ወይ አሸዋው፣ ዕቃው ወይም ቦታው አልተስማማትም፣ ወይ ደግሞ ቀድሞ የሸናችበት ቦታ ጠረን መልሶ ይጠራታል። እኔም የምሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። አሸዋውንም ዕቃውንም ቦታውንም በአንድ ቀን ከቀያየርኩ የትኛው እንደረዳት ላውቅ አልችልም።

ምንም ከመግዛቴ በፊት አያታለሁ። ቁጭ ብላ ወለል ላይ ብዙ ከሸናች የመጸዳጃ ጉዳይ ነው። ቆማ፣ ጭራዋን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ እያንቀጠቀጠች ግድግዳ ወይም መጋረጃ ላይ ትንሽ ከረጨች ግን ክልሏን እያመለከተች ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ነው። ሳፋው አጠገብ ሸንታ ከሆነ ልትጠቀምበት መጥታ አስጠልቷታል፤ ወይ ቆሽሿል፣ ወይ ጠቧታል። ጋቢና አልጋ ልብስ ላይ የምትሸና አሸዋው እግሯን የሻከራት ወይም ፊኛዋን ያመማት ሊሆን ይችላል። የአበባ ማሰሮ የምትቆፍረው አፈር ናፍቃለች።

ከሁሉ በፊት ሕመም። ወንድ ድመት እየተመላለሰ ቁጭ ብሎ እያማጠ ሽንት ጠብ ካላለለት የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ አይባልም፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። የሆድ ድርቀት መስሏቸው ዘይት እያጠጡ የሚጠብቁ ሰዎች ድመታቸውን ያጣሉ። ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ቶሎ ቶሎ ጠብታ መሽናት፣ ሲሸኑ መጮህ፣ ብልትን ደጋግሞ መላስ፣ ሁሉም ወደ እንስሳት ሐኪም የሚያስኬዱ ናቸው። በመንገድ ላይ ሕመሙ እንዲቀልላት ተብሎ ፓራሲታሞል አይሰጥም። ለድመት መርዝ ነው፤ ግማሽ ኪኒን ሊገድላት ይችላል።

ሐኪሙ የሽንት ናሙና ከጠየቀ ሳፋውን አጥቤ አደርቅና በአሸዋ ፈንታ ንጹሕ ፌስታል በቀጫጭኑ ቆራርጬ እሞላበታለሁ። ሽንቱን ስለማይመጥ ከሥር ይጠራቀማል፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ስቤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አደርሳለሁ። ያረጀች ድመት መገጣጠሚያዋን ሊያማት ስለሚችል የሳፋው መግቢያ ከመሬት ከ10 ሴንቲሜትር በላይ መሆን የለበትም፤ በጋለ ቢላዋ ጠርዙን ቆርጦ ዝቅ ማድረግ፣ የተቆረጠውንም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ወተትም አንርሳ። ብዙ አዋቂ ድመቶች ወተት ያስቀምጣቸዋል፤ ሆዷን እየቆረጣት ሳፋው ላይ የተቀመጠች ድመት ደግሞ ሕመሙን ከሳፋው ጋር አያይዛ ትሸሸዋለች።

አሁን ወደ አሸዋው። አብዛኛው ችግር የሚፈታው እዚህ ነው። ድመት የምትፈልገው ደቃቅ፣ ደረቅ፣ ሽታ የሌለውና የሚቆፈር ነገር ነው። ከውጭ የሚመጣው፣ ሲረጥብ እየረጋ ጓል የሚሆነው የሸክላ አሸዋ በጣም ይስማማታል፤ ሲገዛ ግን አበባ አበባ የማይሸተው ይመረጥ። ሽቶው ለእኛ እንጂ ለእሷ አልተሠራም። ለትንንሽ ግልገሎች ይህ ዓይነት አይሆንም፤ እየቀመሱ ስለሚውጡት ሆዳቸው ውስጥ ይረጋል።

ዋጋው ለማይቻል የወንዝ አሸዋ ጥሩ ነው፤ እንዳለ ግን አይደለም። በግንበኛ ወንፊት ጠጠሩን አወጣለሁ፣ ውሃው እስኪጠራ በባልዲ አጥባለሁ፣ ሸራ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ አሰጣዋለሁ። ያልታጠበ አሸዋ አቧራው እግሯ ላይ ተጣብቆ ቤቱን ያዳርሳል። ገረጋንቲና ቀይ አሸዋ አልጠቀምም፤ ጠርዛቸው መዳፏን ይወጋል። አሸዋ አንድ ክፋት አለው፤ ይከብዳል። ወርዱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ ሳፋ በ6 ሴንቲሜትር ጥልቀት ሲሞላ አሸዋው ብቻ ከ15 ኪሎ ያላነሰ ነው፤ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ማውጣትና ማውረድ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሁለት እጅ አሸዋ ከአንድ እጅ ሰጋቱራ ጋር እቀላቅላለሁ። ሰጋቱራውን ከእንጨት ቤት ስወስድ የዋንዛ ወይም የቀረሮ እጠይቃለሁ። የጥድና የባሕር ዛፍ ሽታው ይከብዳታል፤ ኤም ዲ ኤፍ የሚባለው የተጨመቀ ጣውላ ብናኝ ደግሞ ሙጫ አለበት።

ጥልቀቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ይበቃል። ሰዎች የሚሳሳቱት የወንዝ አሸዋ እንደ ሸክላው የሚረጋ መስሏቸው ከላይ ከላይ ሲያነሡ ነው። ሽንቱ ወደ ታች ሰርጎ ከሥር ይተኛል፤ ላዩ ደረቅ መስሎ ሥሩ ይበሰብሳል። እኔ ሳፋውን ወደ አንድ ጎን አዘንብላለሁ። አሸዋው ሲንሸራተት የጠቆረው እርጥብ ቦታ ከሥር ይገለጣል፤ እሱን እስከ ፕላስቲኩ ድረስ ዝቄ አወጣና በዚያው ልክ ደረቅ እጨምራለሁ። ሰገራውን በተበሳ ጭልፋ ጠዋትና ማታ አነሣለሁ። ሙሉውን አሸዋ በየሳምንቱ እቀይራለሁ። ሽንት ቤት ውስጥ አይደፋም፤ ቧንቧ ይደፍናል። በድርብ ፌስታል ታስሮ ለቆሻሻ አንሺዎች ይሰጣል።

ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ከድመት ሰገራ ጋር ይወጣል፤ ሰውን ለመያዝ የሚደርሰው ግን ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነው። በየቀኑ ማንሣት የሚጠቅመው ለድመቷ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የትኛውን አሸዋ እንደምትወድ የምትነግረን ራሷ ናት። ሁለት ተመሳሳይ ሳፋ ጎን ለጎን አስቀምጬ በአንዱ ንጹሕ አሸዋ፣ በሌላው ድብልቁን አደርጋለሁ። ለጥቂት ቀናት የበለጠ የቆፈረችበትን ማየት ከማንም ምክር ይሻላል።

የሳፋው ርዝመት ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መነሻ ካለው አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ለገበያ የሚቀርበው «የድመት» ተብሎ የተሠራው ዕቃ ብዙ ጊዜ ይጠባል፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይሻላል። ክዳን አልጠቀምም፣ ሽታ ያፍናልና። ብዛቱ በድመቶቹ ቁጥር ላይ አንድ ተጨምሮ ነው፤ ለሁለት ድመት ሦስት። ሦስቱን አንድ ጥግ መደርደር ግን እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ኃይለኛዋ መንገዱ ላይ ተኝታ ሁሉንም ትዘጋቸዋለች።

ቦታው ጸጥ ያለ፣ ከምግቧ የራቀ፣ ቀንም ሌሊትም ክፍት መሆን አለበት። መታጠቢያ ቤት የተቀመጠ ሳፋ ማታ በሩ ሲዘጋ የለም ማለት ነው፤ በሩ እንዳይዘጋ የሚያግድ ነገር ይደረግለት። በረንዳ በክረምት ይረጥባል፣ የረጠበ አሸዋ ደግሞ አትረግጥም። ረከቦት ከሚቀርብበትና እጣን ከሚጨስበት ጥግም ይራቅ።

ሳፋውን በሳምንት አንዴ ሽታው ባልጠነከረ የዕቃ ሳሙና አጥባለሁ። በረኪና አልጠቀምም፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። ዴቶልም ሆነ ክሪዮሊን ለድመት መርዛማ ናቸው፤ እግሯን ስትልስ ትወስደዋለች።

የቆየ ጠረን ካልጠፋ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ቦታውን ለማግኘት ሱቆች የብር ኖት የሚያጣሩበትን ሐምራዊ መብራት እጠቀማለሁ። ማታ መብራት አጥፍቶ ወለሉን ዝቅ ብሎ ማብራት ነው፤ የሽንት ቅሪት ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያደላ ብርሃን ይሰጣል። የልብስ ሳሙና ቅሪትም ያበራል፤ የእሱ ግን ወደ ሰማያዊ ነጭ ያደላል። ያገኘሁትን ዙሪያውን በጠመኔ አከባለሁ።

ማጽጃው ማሸጊያው ላይ ኢንዛይም (ቆሻሻን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) እንዳለው የተጻፈበት የልብስ ዱቄት ሳሙና ነው፤ አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ለብ ያለ ውሃ። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ረጭቼ አቆየዋለሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አጥባለሁ፣ ሲደርቅ በአልኮል እወለውላለሁ፤ ጨርቅ ከሆነ ቀለሙ እንዳይለቅ በማይታይ ጥግ አስቀድሜ እሞክራለሁ። ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ላዩን ማሸት አይጠቅምም። ሽንቱ ወደ ውስጥ ስለዘለቀ ውህዱም እሱ የደረሰበት ድረስ መድረስ አለበት፤ ከሸናችው በላይ አፍስሼ፣ በፎጣ ተጭኜ መጥጬ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አቆመዋለሁ። የሽንት አሲድ ቅንጣቶች በውሃ ብቻ አይሟሙም፤ እርጥበት ሲያገኙ እንደገና ይሸታሉ። በበጋ የጠፋ የመሰለው ሽታ ሐምሌ ላይ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ከጸዳ በኋላ ቦታው ላይ የምግብ ሳህኗን አስቀምጣለሁ፤ ድመት የምትበላበት አትሸናም።

ግድግዳ ላይ ለሚረጭ ወንድ ዋናው መፍትሔ ማኮላሸት ነው። በአብዛኛው ይቆማል ወይም በጣም ይቀንሳል፤ ከአሥር አንዱ ያህል ግን ይቀጥላል። ለሚቀጥለው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በመስኮት የሚታየው የሰፈር አውራ ድመት ስለሆነ የመስታወቱን የታችኛውን ክፍል በማያሳይ ፕላስቲክ እሸፍናለሁ።

ከፒያሳና ከካዛንቺስ ግቢዎች ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ድመቶች ሌላ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አፈር ላይ ተጸዳድተው በድንገት ሴራሚክ ላይ ሲያርፉ ሳፋ ምን እንደሆነ አያውቁም። ለእነሱ ከሚያውቁት አፈር አንድ ማዳበሪያ ይዞ መምጣት በጣም ይረዳል። ሦስት አራተኛ አፈር፣ አንድ አራተኛ አሸዋ አድርጌ እጀምራለሁ፤ በደንብ ስትጠቀም አፈሩን በአራተኛ በአራተኛ እቀንሳለሁ። እስክትለምድ በትንሽ ክፍል፣ ምንጣፍና የተዘረጋ ልብስ በሌለበት፣ ምግቧን በአንድ ጥግ ሳፋውን በሌላው አድርጌ አቆያታለሁ። ሰው እየገባ ያጫውታት፤ እስር ቤት መሆን የለበትም። ሳምንት ያለ ስህተት ከሄደች አንድ ክፍል ይጨመርላታል፤ ከተሳሳተች ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

በበዓል ቀን ቀጤማ ከመጎዝጎዙ በፊት ሳፋዋን አጽድቼ እሷን ወደ ጓዳ አስገባለሁ። እርጥብ ሣር ወለል ላይ ሲበተን ለእንዲህ ዓይነቷ ድመት ደጅ ማለት ነው። ቀጤማው ከተጠረገ በኋላም ወለሉ በዚያው የኢንዛይም ውህድ ይወልወል።

ሳፋው ለቤቱ የማይመች ቦታ ላይ ተቀምጦ ከለመደችው፣ ወደሚፈለገው ጥግ የሚሄደው ቀስ እያለ ነው። በቀን ከአንድ ስንዝር በላይ አላንቀሳቅሰውም፤ ውጭ ከሸናች ደግሞ የትናንቱ ቦታ ላይ መልሼ ጥቂት ቀን አቆየዋለሁ።