ደሙ እንዲቆም ለምኜ ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የኪዳነ ምህረት ስለት አለብኝ። ጃንጥላውንም ጧፉንም አስገብቻለሁ። የቀረኝ «ካወጣሽኝ ለሴቶች እናገራለሁ» ያልኳት ነው። ነገሩ የሴት ጓዳ ነገር ስለሆነ አፌ እያመነታ ከዓመት በላይ ቆየ። በማህበራችን ጀምሬዋለሁ፤ አሁን ለሁላችሁም ልናገር።

በ2011 ዓ.ም. ግራ ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። 49 ዓመቴ ነበር። ኦፕራሲዮን ሆንኩ፣ ኬሞ ወሰድኩ፣ ፀጉሬ ረግፎ ተመልሶ በቀለ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አላወራም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ነው ተባልኩና ከ2012 ጀምሮ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን ታዘዘልኝ። 20 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት። ሙቀቱና ላቡ ሌሊት ከአልጋ ያስነሳኝ ነበር። ቢሆንም አንድ ቀን አልዘለልኩም። የወር አበባዬ ገና በኬሞው ጊዜ ቆሟል። በቃ አረጥኩ ብዬ ተቀበልኩት።

ከዚያ የ2015 ፍልሰታ ገባ። ነሐሴ 3 ሌሊት ለኪዳን ልነሳ ስል የውስጥ ልብሴ ላይ ደም አየሁ። ጠብታ ነው። ግን ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ደም እያየን ቤተ መቅደስ አንገባም። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ሱባኤ ነበር። በነጠላዬ ተሸፋፍኜ ከቅጥሩ በር ውጭ ቆምኩና የቅዳሴውን ድምፅ ከሩቅ እየሰማሁ አለቀስኩ። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። ያስለቀሰኝ በሽታ ፈርቼ አይደለም። ካንሰር የሚለው ሐሳብ በአእምሮዬ ጫፍ እንኳ አልመጣም። ያስለቀሰኝ መከልከሌ ነው።

ጸሎቴም ይህንኑ መሰለ። «እመቤቴ፣ ይህን ደም አቁሚልኝና ገብቼ ልቁረብ» አልኳት። በአራተኛው ቀን ቆመ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ፍልሰታን ቆረብኩ፣ ተሰማልኝ ብዬም አመሰገንኩ። ለጎረቤቴ ብነግራት «ልጅነትሽ ተመለሰ በይኛ!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

መስከረም ላይ ተመለሰ። አሁን ጠቆር ያለ ነው፣ የቡና አተላ የመሰለ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ የደም ማነስ ክኒን ሰጡኝ። ምን መድኃኒት እንደምወስድ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ጥቅምት ላይ የካንሰር ክትትሌ ቀን ደረሰ። ወረፋው ረጅም ነው። ገባሁ። «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ?» ተባልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ። ክኒኔን ተቀብዬ ወጣሁ።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት እወዳለሁ፤ እናቴ ያስተማረችኝ ነው። ነገር ግን ሐኪም ፊት ተቀምጬ እየደማሁ «ደህና ነኝ» ማለቴ ምስጋና አልነበረም። ማፈር ነው። ጡቴን ለስንት ሐኪም አሳይቻለሁ፤ ስለ ታች ስለ ማህፀኔ ለመናገር ግን አፌ ተሳሰረ። ከጡት ጋር የሚገናኝም አልመሰለኝም።

ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም፣ እንደገና ከበሩ ውጭ ቆሜያለሁ። የንስሐ አባቴ ሲያልፉ አዩኝ። መስቀላቸውን አሳለሙኝና «ልጄ፣ በፍልሰታም እዚሁ ነበርሽ» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው።

«ሐኪምሽ ያውቃል?»

«አያውቅም አባ።»

«ታዲያ ለእኔ ብቻ የሚነገር ነው እንዴ? ነገ ሂጂ።»

እንጦጦ ኪዳነ ምህረት ጸበል ልገባ እንዳሰብኩ፣ አንዲት ሴትም ጸበል ስትገቢ ክኒኑን ተይው እንዳለችኝ ነገርኳቸው። ፊታቸው ከበደ። «ጸበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ» አሉኝ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስም በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ብለው ነበር። አባ ይህን አስታወሱኝ።

በማግስቱ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ልጄን የምታክል ሴት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እናቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ነው። ታሞክሲፈን ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

ያስረዳችኝን በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ። ታሞክሲፈን ጡት ላይ ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን መግቢያ ያሳጣዋል። ማህፀን ላይ ግን ራሱ እንደ ኤስትሮጅን ይሠራል። በዚህ የተነሳ የማህፀን የውስጥ ሽፋን ሊወፍር ይችላል። አንዳንዴ ፖሊፕ የሚባል ትርፍ ሥጋ ይበቅላል። ጥቂት ሴቶች ላይ ደግሞ የማህፀን ካንሰር ይመጣል፤ በተለይ ካረጡ በኋላ። ደንግጬ ክኒኑን ዛሬውኑ ልጥለው ስል እጄን ያዘችኝ። «ከሺህ ሴቶች በዓመት ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው። ክኒኑ የሚያድናቸው ይበልጣሉ። በራስዎ አያቁሙ፤ ከካንሰር ሐኪምዎ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። ካረጡ በኋላ ግን ጠብታም ቢሆን ደም ካዩ፣ ቀን ሳይቆጥሩ መምጣት ነበረብዎት» አለችኝ።

«ከመታመሜ በፊት እኮ ጤና ጣቢያ የማህፀን ካንሰር ምርመራ አድርጌ ነፃ ነሽ ተብያለሁ» አልኳት። ያ ሆምጣጤ ነገር ቀብተው የሚያዩት ነው። ለካ እሱ የሚያየው የማህፀን በርን ብቻ ነው። የቤቱን በር አይቶ ጓዳውን አየሁ እንደማለት ነበር የእኔ ነገር። ስንቶቻችን ሁለቱን አንድ እናደርጋለን!

በአልትራሳውንድ ስታየው ሽፋኑ 17 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ያረጠች ሴት ደምታ ከ4 በላይ ከሆነ መመርመር አለበት አለችኝ። ታሞክሲፈን በራሱ ሽፋኑን ወፍራም አስመስሎ ስለሚያሳይ ምስሉ ብቻውን አይበቃም፤ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። በቀጭን ካሜራ ገብታ ያገኘችውን ፖሊፕ አወጣች፣ ከሽፋኑም ቆንጥራ ወሰደች። ሕመሙ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ነው፣ በረታ ያለ። የማይቻል አይደለም። ናሙናው ሥጋው በማጉያ ወደሚመረመርበት ፓቶሎጂ ተላከ።

ውጤት እስኪመጣ 12 ቀን ጠበቅኩ። በወንጌል ያለችው፣ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት፣ በዚያ ሳምንት እህቴ ሆነች። ሕዝቡ መሐል ተጋፍታ ጫፉን ነካች፤ በኋላም እየተንቀጠቀጠች እውነቱን ሁሉ ነገረችው። ከዚህ በፊት ስሰማው መንካቷን ብቻ ነበር የማስበው። መናገሯን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጸሎቴ ተለወጠ። «አቁሚልኝ» ማለት ተውኩ። «እመቤቴ፣ የተደበቀውን አውጪው፤ ለዚህች ልጅ ዓይን ስጫት» አልኩ። ሌሊት ሌሊት እሰግዳለሁ፤ ኦፕራሲዮን የሆንኩበት ጎን ሲያመኝ ተቀምጬ እለምናለሁ።

ውጤቱ መጣ። ካንሰር አይደለም። ግን ሴሎቹ መለወጥ ጀምረዋል፤ ዝም ቢባሉ ወደ ካንሰር የሚሄዱ ናቸው። ሐኪሟ «በጊዜ ደረስን» አለች። እኔ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ፍልሰታን አስታወስኩ። ደሙን እንድታቆምልኝ ስለምናት፣ እሷ መልሳ መልሳ እያሳየችኝ ነበር። በነሐሴው ቆሞ ቢቀር ኖሮ እዚያ ወንበር ላይ ማን ያስቀምጠኝ ነበር? በሩ ላይ ባልቆም አባ እንዴት ያዩኝ ነበር?

ጥር 2016 ማህፀኔም እንቁላል ማምረቻዎቼም በኦፕራሲዮን ወጡ። የወጣው ሁሉ ተመርምሮ ካንሰር የለበትም ተባለ። ልጄ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነብባኝ አቀፈችኝ። «እማ፣ አለቀ» አለችኝ። እልልታዬን የሆስፒታሉ ኮሪደር ሰምቶታል።

ታሞክሲፈን ቀርቶ ሌትሮዞል ተተካልኝ። እሱ ማህፀንን እንደዚያ አያወፍርም፤ አጥንት ግን ያሳሳል። ስለዚህ የአጥንት ምርመራ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አለኝ። የብልት ድርቀትም ያመጣል። ይህንንም ለሐኪሜ ተናገርኩ። ሆርሞን የሌለበት ማለስለሻ ሰጠችኝ፤ ሆርሞን ያለበትን ክሬም የካንሰር ሐኪሜን ሳልጠይቅ እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። ከባለቤቴ ጋር ሰላማችን ተመለሰ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ባለፈው የካቲት 16 የማህበራችን ተራ እኔ ቤት ነበር። ጽዋው ከተጠጣ በኋላ ተነስቼ ይህንን ሁሉ ነገርኳቸው። አንዷ በየዓመቱ አልትራሳውንድ ልነሳ ወይ ብላ ጠየቀች። የለም፣ ደምም ሆነ የተለየ ፈሳሽ ከሌለ ለብቻው አያስፈልግም፤ በዓመት አንዴ የማህፀን ሐኪም ማየት ግን ጥሩ ነው ብላኛለች ዶክተሯ አልኳት። ልጇ በ34 ዓመቷ ታሞክሲፈን የጀመረች እናትም ነበረች። ለእሷ፣ የልጅሽ ወር አበባ ቢቆም እንኳ ልታረግዝ ትችላለች፤ ክኒኑ ደግሞ ፅንስ ይጎዳልና ሆርሞን ስለሌለው የመዳብ ሉፕ፣ ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው የእርግዝና መከላከያ፣ ሐኪሟን ትጠይቅ አልኳት። እነዚህን አስቀድሜ ዶክተሯን ጠይቄ ነው የያዝኳቸው።

ሰው ሲሄድ አንዷ ዕቃ ላጥብልሽ ብላ ወደ ጓዳ ተከተለችኝ። ጡቷን ታማ እንደነበር አውቃለሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ እያለቀለቀች «ከጥምቀት ጀምሮ እኔም አያለሁ» አለች። «ማንም አያውቅም።»

እጇን አደረቅኩላትና አቀፍኳት። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የማህፀን ክሊኒኩ በር ላይ አብረን ወረፋ ይዘናል። ስሟ ሲጠራ «አብረሽኝ ግቢ» አለችኝ። ገባሁ። ዶክተሯ «እንዴት ነዎት፣ ደህና ነዎት?» ስትላት ወደ እኔ ዞር አለች። ከዚያ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ ቀጥላም «ግን ደም እያየሁ ነው» አለቻት።