ለእኔ ብቻ የተጻፈ ኢሜይል

ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍሉን እመራለሁ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ጠዋት ሐረጎን እየወረድኩ ሳለ ኢንቦክሴን ከፍታ የምትለየው፣ ስብሰባ የምትይዘው፣ ለአቅራቢዎች የምትመልሰው ጸሐፊያችን ናት። ያለ እሷ ሥራው አይሄድም። ግን እዚያው ሳጥን ውስጥ የሠራተኛ የሕክምና ማስረጃ፣ አንዳንዴም ስለ ትንኮሳ የተጻፈ አቤቱታ ይገባል። ያንን የጻፈች ልጅ ለእኔ ነው የጻፈችው።

ነገሩን ለጸሐፊዋ ሳነሳላት ቅር ይላታል ብዬ ሰግቼ ነበር። እሷ ግን "እትዬ፣ እኔም ባላየው ይሻለኛል። ነገ ለቅሶ ቤት አብረን ስንቀመጥ ዓይኗን እንዴት አያለሁ?" አለችኝ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ሠራተኛው በእድርም በጉርብትናም ይገናኛል። ሚስጥር ማወቅ ለሚያውቀውም ሸክም ነው።

መጀመሪያ ያየሁት የፈቃዱን ዓይነት ነው። አውትሉክ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም ላይ ውክልና፣ ማለትም ሌላ ሰው ሳጥናችሁን እንዲከፍት መፍቀድ፣ በፎልደር መለየት ስለሚቻል ሙሉ ፈቃዱን አስነስቼ ኢንቦክስና ካላንደር ብቻ ተውኩላት። "ፕራይቬት" (የግል) የሚለውን ምልክት መተማመኛ አላደረግሁትም፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ሌላ ሰው ዝርዝሩን እንዳያይ በእሱ አትተማመኑ ይላል። ጂሜይል የምትጠቀሙ ደግሞ ውክልና ስትሰጡ ሳጥኑ በሙሉ እንደሚከፈት እወቁ፤ በፎልደር መከፋፈል የለም።

ስለዚህ ዋናው መፍትሔ ሌላ አድራሻ ነው። ከአይቲ ክፍሉ ለእኔ ብቻ የሚከፈት አስወጣሁ፤ አቤቱታና የሕክምና ወረቀት ወደዚያ እንዲላክ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍን። ከክሊኒኩና ከሕግ ክፍሉ ወደ ድሮው የሚመጣውን ደግሞ እሷ ወደማታየው ፎልደር በራሱ የሚያዛውር ሩል (ለፕሮግራሙ የሚሰጥ ትእዛዝ) ሠራሁ። ይህ ሩል የሚያየው ላኪውን እንጂ የተጻፈበትን ነገር አይደለም፤ ሠራተኛው ከግል ስልኩ "ሰላም" ብሎ ከጻፈ ያልፋል። እንዲህ ያለው ሲገጥማት ገና ከመጀመሪያው መስመር ዘግታ፣ ምልክት አድርጋ እንድትተወው ተስማምተናል።

ሰው የሚረሳቸው ቀዳዳዎች አሉ። አንድ አቤቱታ ለማየት ክፍል እንድትይዝልኝ ስፈልግ፣ የመጣልኝን ኢሜይል ፎርዋርድ ባደርግላት ከታች ያለው ምልልስ በሙሉ አብሮ ይሄዳል። አሁን "ሐሙስ 4 ሰዓት ትንሹን አዳራሽ ያዥልኝ" ብዬ አዲስ እጽፋለሁ። ካላንደሩም ላይ የሰው ስም አይገባም፤ "ስብሰባ" ይበቃል፣ ሰነድም አይያያዝበትም። ስልኬ ተቆልፎ ሳለ ማሳወቂያው የመልዕክቱን ይዘት እንዳያሳይም አጠፋሁት።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደብዳቤም የኤሌክትሮኒክስ መልዕክትም የተጠበቀ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይቆጥራል። ይህን ለአለቆቼ ሳቀርብ ጉዳዩ የእኔ ጠባይ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ መሆኑን በቀላሉ ተረዱ። ከዚያ አይቲዎቹ የማንን ሳጥን ማን ሊከፍት እንደሚችል በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ጸሐፊያችን የዓመት ፈቃድ ስትወጣ ለተተኪዋ የሚሰጠው ፈቃድም የሚነሳበት ቀን አብሮ ይጻፋል፤ ዕለቱ ሲደርስ መነሳቱን ራሴ ከፍቼ አያለሁ።