የደሞዝ ጭማሪዬ የት ገባ?

ዛሬ ማታ የድሮ የወጪ ደብተሬን ሳገላብጥ አመሸሁ። ከአራት ዓመት በፊት፣ ደሞዝ የተጨመረልኝ ቀን «አሁን ገና መተንፈስ ልጀምር ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። ሁለት ገጽ አለፍ ብሎ ደግሞ ወሩ ሳያልቅ ከጓደኛዬ የተበደርኩት ገንዘብ ተመዝግቧል።

ጭማሪው የት እንደገባ ደብተሩ ይናገራል። መጀመሪያ ሰፋ ያለ ቤት ተከራየሁ። ቤቱ ሲሰፋ አሮጌው ሶፋ አነሰበት፣ ሌላ በዱቤ ገዛሁ። ስልኬንም ሳይበላሽ ቀየርኩት። ሁሉም ለየብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ግን አንዱም አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ አልነበረም፤ በየወሩ ይጠብቀኛል።

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ያኔ ጎረቤት ማለት አጥር የሚያዋስነን ሰው ነበር። አሁን ጎረቤቴ ስልኬ ውስጥ ነው። የማላውቀው ሰው አዲስ ሳሎን አይቼ የራሴን ቤት እጠላለሁ።

ሶፋው ያስደሰተኝ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ነው። ክፍያው 18 ወር ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1978 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ 22 የሎተሪ ባለዕድሎችን ጠይቀው፣ ሎተሪ ካልደረሳቸው ሰዎች ያን ያህል የበለጠ ደስተኛ ሆነው አላገኟቸውም። እንዲያውም በትንንሽ የዕለት ተዕለት ነገሮች የሚደሰቱት ባነሰ መጠን ነበር። 22 ሰው ጥቂት ነው፣ አውቃለሁ። ሶፋዬን ሳስበው ግን እውነት ይመስለኛል።

ያም ሆኖ «ገንዘብ ደስታ አይሰጥም» ሲሉኝ አልስማማም። ይህን ማለት የሚቀለው ላለው ሰው ነው። ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን እ.ኤ.አ. በ2010፣ አሜሪካውያን የዕለት ስሜታቸው ከገቢያቸው ጋር እየተሻሻለ ሄዶ በዓመት 75,000 ዶላር አካባቢ ይቆማል አሉ። ሌላው ተመራማሪ ማቲው ኪሊንግስዎርዝ በ2021 የለም፣ አይቆምም አለ። በ2023 ካህነማንና ኪሊንግስዎርዝ አብረው ሲመረምሩት፣ ለብዙው ሰው ደስታው ከገቢው ጋር መጨመሩን ይቀጥላል። የሚቆመው ከሁሉም ይበልጥ ደስታ በራቃቸው ሰዎች ላይ ነው። የእነሱን ሐዘን፣ ከተወሰነ ገቢ በኋላ፣ ተጨማሪ ገንዘብ አያቀልለውም።

እኔ ዕዳዬን ከፍዬ ወደ ትንሽ ቤት ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ደሞዝ ሲገባ መጀመሪያ የማስቀምጠውን አስቀምጣለሁ፣ በተረፈው እኖራለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ከብዶኝ ነበር። በተለይ ጓደኞቼ ሲጠሩኝ «በዚህ ወር አልችልም» ማለት አሳፍሮኛል። እውነቱን መናገር ስጀምር ግን ሁለቱ «እኛም እኮ ተቸግረን ነው» አሉኝ። ለካ ሁላችንም እርስ በርስ እየተያየን ነበር ከአቅማችን በላይ የምናወጣው።

ባለፈው ዓመት በሌሊት ተደውሎ አባቴ መታመሙን ነገሩኝ። ድሮ ቢሆን ቀድሞ የሚመጣብኝ ከማን ልበደር የሚለው ነበር። ያን ሌሊት ግን ያሰብኩት አባቴን ብቻ ነው። ሆስፒታል አጠገቡ ተቀምጬ እስኪነጋ እጁን ይዤ አደርኩ።