ውሻው የት ላይ ነው የሚያክከው? ከደብረ ማርቆስ የተጻፈ ማስታወሻ

በእኛ ሰፈር ውሻ ሰውነቱን ማከክ ሲያበዛ የሁሉም ምክር አንድ ነው፦ «እከክ ይዞታል፣ የተቃጠለ ዘይት ቀባው»። ደብተር ይዤ የውሻዬን የመቻልንና የጎረቤት ውሾችን ቆዳ መከታተል ከጀመርኩ ወዲህ ግን መጀመሪያ የማየው የሚያክክበትን ቦታ ነው። ጆሮ ጫፍና ክርን አንድ ነገር ይናገራሉ፤ የጭራ ሥርና የኋላ ታፋ ሌላ፤ መዳፍ፣ ብብትና ፊት ደግሞ ሌላ። በየገጹ ውሻ ሥዬ የተላጠውንና የቀላውን ቦታ አጠቁራለሁ። ሥዕል አልችልም፣ ለዚህ ግን ይበቃል። ከጎኑ የማከኩን ብርታት ከ0 እስከ 10 ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ከሁሉ የበዛብኝ የጭራ ሥር ነው፣ እሱ ደግሞ የቁንጫ ሰፈር ነው። «ውሻዬ ላይ ቁንጫ አይቼ አላውቅም» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ሊሆን ይችላል። የቁንጫ ምራቅ የማይስማማው ውሻ አለ፤ ጥቂት ንክሻ ለቀናት ያሳክከዋል፣ በጥርሱ ሲለቅም ደግሞ ቁንጫዋን ራሷን ያጠፋታል። ስለዚህ የምፈልገው ኩሷን ነው። መቻልን በራፍ ላይ አቁሜ፣ ከሥሩ እርጥብ ነጭ ሶፍት ዘርግቼ፣ የጭራውን ሥር በቅማል ማበጠሪያ አበጥረዋለሁ። የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ጥቁር ነገር ይረግፋል። አፈር ከሆነ እንዳለ ይቀመጣል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን ቀስ እያለ ይሟሟና ሶፍቱን ዙሪያውን ቀይ ቡናማ ያደርገዋል፤ በሆዷ ያለፈ ደም ነውና።

ውሻውን ማጠብ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ የገባኝ የቁንጫን አስተዳደግ ካነበብኩ በኋላ ነው። ውሻው ላይ የምትዘለው ያደገችዋ ናት፣ እሷም ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነች። እንቁላሉ ከፀጉሩ ላይ እየረገፈ መኝታው ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ተፈልፍሎ ትል ይሆናል፤ ትሉ ሽፋን ፈትሎ ውስጡ ይሸሸጋል። ሽፋኑ ውስጥ እያለ መድኃኒት እምብዛም አይደርስበትም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆይና ሙቀትና እንቅስቃሴ ሲሰማው ይወጣል። የእኛ ውሾች ደግሞ የሚተኙት በረት ጥግ ጭድ ላይ ወይም ጎተራ ሥር ነው፤ ለቁንጫ ከዚህ የተሻለ ማሳደጊያ የለም። የመቻልን ጭድ አውጥቼ አቃጠልኩና በኬሻ ተካሁት። ኬሻውን በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ነክሬ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ወለሉን እስከ ጥጋጥጉ እጠርጋለሁ። ቤት ውስጥ ድመት ካለች አብራ ትታከም፤ ግን የውሻውን መድኃኒት እንዳታጋሯት፣ በተለይ ፐርሜትሪን የተባለ ተባይ ማጥፊያ ያለበት ድመትን ይገድላል።

እውነተኛው እከክ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ሳርኮፕቲስ የምትባል ለዓይን የማትታይ ተባይ ቆዳ ውስጥ እየቦረቦረች ትገባለች። የጆሮው ጠርዝ፣ ክርኑ፣ የኋላ ቁርጭምጭሚቱና ሆዱ ይላጣል፣ ቅርፊት ያበጃል፤ እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ነው። ቦቢ ላይ፣ የጎረቤታችን ውሻ ነው፣ አንድ ቀላል ፍተሻ ሞክሬያለሁ። የጆሮውን ጫፍ አጥፌ በሁለት ጣቶቼ መሀል ጠርዙን አሸሁት። የኋላ እግሩ ወዲያው ባዶውን አየር መቧጨር ጀመረ፤ እጄን ስተው ቆመ፣ ስመልሰው ቀጠለ። ይህ ማረጋገጫ ባይሆንም ጥርጣሬን በጣም ያጠናክራል። ክሊኒክ ቆዳውን ፍቀው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ምንም ቢያጡ እንኳ እከክ የለም ብሎ መዝጋት አይቻልም፤ ተባይዋ በጥቂቱ ሆና ብዙ ታሳክካለች። የቤቱ ልጆች ክንዳቸውና ወገባቸው ላይ ሽፍ ብሎባቸው የሚያሳክካቸው ከሆነ ሌላ ምልክት ነው። ከውሻ የመጣው ሰው ላይ አይሰነብትም፣ ውሻው ሲታከም ይጠፋል፤ ካልጠፋ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ይህን ሁሉ የምሞክረው ክትባቱን የማውቀው ውሻ ላይ ብቻ ነው። ድንገት ጠባዩ ተለውጦ አንድ ቦታ እየነከሰ ራሱን የሚያቆስል ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆንበት ስለሚችል እጅ አይሰደድበትም። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና።

ስለ ዘይቱ ከቦቢ ባለቤት፣ ከአዛውንቱ ጎረቤታችን ጋር ተከራክረናል።

«እኛ ስንቀባ ነው የኖርን፤ ሲድኑም አይተናል» አሉኝ።

«ተባይዋንስ ያፍናት ይሆናል አባባ፤ ግን ውሻው ይልሰዋል፤ ውስጡ ደግሞ የሞተር ብረት ብናኝ አለበት።»

አልተስማሙም። ቦቢን ክሊኒክ እንድወስደው ግን ፈቀዱልኝ።

ከዘይቱ ይልቅ የምፈራው ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን ነው። የተመረዘ ውሻ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፤ ያኔ ጓንት አድርጎ በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። አይቨርሜክቲን የተባለው የተባይ መድኃኒት ለእከክ ይሠራል፤ ግን 1 በመቶ የሆነው መርፌ ለከብትና ለበግ የተዘጋጀ ስለሆነ ለቡችላ በዓይን ግምት መቅዳት አደጋ ነው። እንደ ኮሊ ያሉ የእረኛ ዝርያዎች ደግሞ ብዙዎቹ ባላቸው የዘረ መል ለውጥ ምክንያት ሌላው ውሻ በሚችለው መጠን አንጎላቸው ይመረዛል። መጠኑን ሐኪሙ መዝኖ ይወስን።

ክብ ክብ እየሠራ ፀጉር የሚያረግፈው ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ እምብዛም አያሳክክም፣ ወደ ሰው ግን ይተላለፋል። ቡችላ ፊት ላይ ሳያሳክክ ፀጉር የሚያሳሳው ዴሞዴክስ የተባለ ሌላ የቆዳ ተባይ ወደ ሰው አይተላለፍም። እነዚህን ሁለቱን በዓይን ለመለየት አልደፍርም።

አሁን በጣም ወደወደድኩት ጉዳይ። ምግብ የማይስማማው ውሻ መዳፉን፣ ፊቱን፣ ብብቱንና ጆሮውን ያክካል፣ ብዙውን ጊዜም ወቅት አይመርጥም። ደጋግመው የሚጠረጠሩት የበሬ ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። የደም ምርመራ ይህን በአስተማማኝነት አይለየውም፤ መንገዱ የተጠረጠረውን ለ8 ሳምንት ያህል አቋርጦ፣ ከዚያ መልሶ ሰጥቶ ማየት ነው። ይህን ሳነብ ሁዳዴ መጣብኝ። 55 ቀን ነው፤ 8 ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ብቻ ይቀረዋል! ቤት ውስጥ ሥጋም ወተትም የለም፣ ሥጋ ቤቱም ዝግ ነው። ፋሲካ ሲሆን ደግሞ አጥንቱ በአንድ ቀን ይከመርለታል። ሙከራውን ከነመመለሻው ሳናስበው በየዓመቱ እናደርገዋለን ማለት ነው። በሁዳዴ ቀለል ብሎት ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት የሚብስበት ውሻ ካላችሁ ሥጋውንና ወተቱን ጠርጥሩ።

እንከን ግን አለበት። እህሉ ስለማይቋረጥ ጥፋቱ የስንዴ ከሆነ አይገለጥም። ውሻም ጾም አይገባውም፤ ሜዳ ወጥቶ ጥንብ ካገኘ ሙከራው ፈረሰ። ቁንጫውን አስቀድሞ ያልጨረሰ ሰው ደግሞ ከሁዳዴ ምንም ሊያነብ አይችልም። በዚህ ላይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚጎዱ፣ ለመቻል ወጡን ትቼ ምስርና ድንች ለብቻው እቀቅልለታለሁ፤ ጥቂት የኑግ ዘይትም ጠብ አደርግበታለሁ። ኑጋችን ሊኖሌይክ አሲድ የበዛበት ነው፤ የውሻ ቆዳ ደግሞ ያለዚህ ቅባት ይደርቃል፣ ፎረፎር ያወጣል። ለትንንሽ ቡችሎችና ለሚያጠቡ ውሾች ግን እንዲህ ያለ ጾም አይሆንም፣ ፕሮቲን ያንሳቸዋል።

የዘንድሮው የመቻል ነጥብ እንዲህ ነው፦ ጭዱን በኬሻ ከተካሁና የቁንጫ መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ከ7 ወደ 3 ወረደ። ሁዳዴ ገብቶ ወጣ፣ ያው 3። የፋሲካውም አጥንት አላንቀሳቀሰውም፤ ስለዚህ ሥጋውን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ሰርዤዋለሁ። የተረፈችው 3 መዳፉን መላሱ ናት። በጣቶቹ መሀል ፀጉሩ የዝገት ቀለም ይዟል፣ ጆሮውም የሻገተ ሽታ ጀምሮታል። ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚጀምረውን ከአቧራና ከአበባ ብናኝ የሚመጣ አለርጂ እጠረጥራለሁ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ማላሴዝያ የተባለው እርሾ ሳይደረብበት አልቀረም። ቀጣዩ ሥራ ከጆሮውና ከጣቶቹ መሀል ናሙና አስወስዶ በማይክሮስኮፕ ማሳየት ነው። እስከዚያው ከውጭ ሲገባ መዳፉን በንጹሕ ውኃ አጥቤ እስኪደርቅ በጨርቅ እጠርግለታለሁ።