ለ9 ወር ትምህርት የ12 ወር ኪራይ፦ በውድ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ቤት ያገኘሁበት መንገድ

የመግቢያ ደብዳቤው ሲደርሰኝ ያሰላሁት የትምህርቱን ክፍያ፣ የጉዞውንና የመጻሕፍቱን ወጪ ብቻ ነበር። ማደሪያ መፈለግ የጀመርኩት ልሄድ 5 ሳምንት ሲቀረኝ ሲሆን፣ ያኔ የዩኒቨርሲቲው ዶርም ሞልቶ፣ ከግቢው በእግር የሚደረስባቸው ክፍሎችም ተይዘው አልቀው ነበር። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በትንሽ ከተማ ላይ ሲያርፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በአንድ ሰሞን ቤት ይፈልጋሉ፤ የተማሪው ቁጥር በአንድ የቅበላ ውሳኔ ሊጨምር ይችላል፣ አዲስ ቤት ለመሥራት ግን መሬት፣ ፈቃድና ዓመታት ያስፈልጋሉ። በዚያ ላይ አራት ተማሪዎች ተዳብለው የሚከፍሉትን ኪራይ ልጆች የሚያሳድግ አንድ ደመወዝተኛ ብቻውን ስለማይችለው፣ የአካባቢው ዋጋ የሚተመነው በቤት ሳይሆን በአልጋ ብዛት ይሆናል። ይህን ሁሉ የተረዳሁት ግን ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት ከማላውቃቸው ሦስት ተማሪዎች ጋር ተዳብዬ ነው። በወር የሚደርሰኝ ድርሻ ካየኋቸው ክፍሎች ሁሉ ያነሰ ስለነበር፣ 14 ገጽ ያለውን ውል ቆሜ ፈረምኩ። ውሉ የ12 ወር ነበር፤ ትምህርቱ ግን 9 ወር ነው። የወር ኪራዩን 100 ብንለው፣ በዓመት 1,200 ይከፈላል፤ ይህ በተኖረበት 9 ወር ሲካፈል የአንዱ ወር ዋጋ 133 ይሆናል። በዚያው ሰሞን «ውድ ነው» ብዬ የተውኩት ሌላ ክፍል በወር 120 ነበር፤ ነገር ግን ውሉ የ9 ወር ብቻ ስለሆነ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 1,080 ብቻ ይሆን ነበር። ሁለቱን ያወዳደርኩት በወር ዋጋቸው በመሆኑ፣ ርካሽ መስሎኝ ውዱን መረጥኩ። በሦስቱ የእረፍት ወራት ክፍሉን ለሌላ ሰው አሳልፌ ለማከራየት ብሞክርም፣ ውሉ የአከራዩን የጽሑፍ ፈቃድ ከ60 ቀን በፊት መጠየቅን ያስገድድ ነበርና ጊዜው አልፎብኝ ባዶ ክፍል ስከፍልለት ከረምኩ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በሦስተኛው ወር መጣ። አንደኛው ደባላችን ትምህርቱን አቋርጦ፣ አንድ ቀን ጠዋት ፍራሹን ጥሎ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። እኛ የእርሱ ኪራይ የእርሱና የአከራዩ ጉዳይ ነው ብለን ነበር። አከራዩ የውሉን 9ኛ ገጽ ገልጦ አሳየን፤ አራታችንም የፈረምነው «በአንድነትና በነጠላ» ተጠያቂ ሆነን ነው። ቃሉ ሲነበብ የወረቀት ማሳመሪያ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን አከራዩ ሙሉውን ኪራይ ከአራቱም፣ ከሁለቱ ወይም ካገኘው ከአንዱ ብቻ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ድርሻችን ከአራት አንድ እጅ ወደ ሦስት አንድ እጅ ሲያድግ በእያንዳንዳችን ላይ የተጨመረው ከቀድሞው ክፍያ አንድ ሦስተኛ ነበር። ተተኪ እስክናገኝ ሁለት ወር ፈጀብን፤ የመጣውም በትምህርት ዘመኑ መሀል ቤት የሚፈልግ ሰው ብርቅ መሆኑን ስለሚያውቅ ዋጋ አስቀንሶ ነው የገባው። ዛሬ ከሰው ጋር የምዳበል ቢሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እያንዳንዱ ተከራይ ለየክፍሉ የተለየ ውል መፈረም ይችል እንደሆነ ነው። ይህ ካልተቻለ ደግሞ ደባሎቹ እርስ በርስ አጭር ስምምነት ጽፈው፣ ቀድሞ የሚወጣ ሰው ተተኪ እስኪያመጣ ድርሻውን እንዲከፍል መስማማት አለባቸው፤ ወዳጅነት እያለ መጻፉ አያሳፍርም፣ ወዳጅነት ከሻከረ በኋላ ግን አይቻልም።

ስለ ማስያዣውም ገንዘብ አንድ ነገር ልበል። ስንገባ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ሻጋታ ነበር። አይተነው ዝም አልን። ስንወጣ ሻጋታው ክንድ አክሎ ስለነበር ቀለም መቀቢያ ተብሎ ከማስያዣችን ተቆረጠ፤ ከእኛ በፊት እንደነበረ የሚያስረዳ አንድም ፎቶ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ በተረከብኩ ቀን ዕቃ ከማስገባቴ በፊት ከጣሪያ እስከ መታጠቢያው ቧንቧ ድረስ ፎቶ አንስቼ፣ በዚያው ቀን ለአከራዩ በኢሜይል እልክለታለሁ። ኢሜይሉ ቀኑን ራሱ ስለሚመሰክር ክርክር አይነሳም።

በሁለተኛው ዓመት የገባሁት የተማሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ወደሚያስተዳድረው ቤት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዟ ሮችዴል ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች ያቋቋሙት የሸማቾች ማኅበር ሲሆን፣ በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1933፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት፣ 14 ተማሪዎች በጋራ የጀመሩት ቤት ዛሬ ከ1,000 በላይ ተማሪዎች የሚኖሩበት ማኅበር ሆኗል። እኔ የኖርኩበት ቤት ኪራይ ከአካባቢው ዋጋ በሲሶ ያህል ያንስ ነበር። ለምን እንደሚያንስ መረዳቴ ኋላ ጠቅሞኛል፦ ትርፍ የሚወስድ ባለቤት የለም፣ የሕንፃው ዕዳ ከብዙ ዓመት በፊት ተከፍሎ አልቋል፣ ጽዳቱንና ቀላል ጥገናውን ደግሞ ነዋሪዎቹ ራሳቸው በሳምንት 5 ሰዓት እየሠሩ ይሸፍኑታል። ከሦስቱ ትልቁን ድርሻ የያዘው የዕዳው ማለቅ ይመስለኛል፤ ለዚህም ነው ትናንት በብድር የተገዛ የማኅበር ቤት እንደ አሮጌው የማይረክሰው።

ዋጋው ግን በገንዘብ ብቻ አይከፈልም። የእኔ ተራ እሑድ ማታ የጋራውን መታጠቢያ ቤት ማጽዳት ነበር፤ ፈተና ቢኖርብኝም ባይኖርብኝም ተራዬን ካሳለፍኩ መቀጮ ይቆረጥብኝ ነበር። የማሞቂያው ሙቀት ስንት ዲግሪ ይሁን በሚል አንድ ጉዳይ 31 ሰዎች ከሁለት ሰዓት በላይ የተሰበሰብንበትን ምሽት አልረሳውም፤ በመጨረሻም ውሳኔው የነበረው ይጽና ተባለ። ስብሰባ የማይወድ ሰው ባይሞክረው ይሻለዋል። ለሚችለው ግን ሊያውቀው የሚገባ አንድ ምሥጢር አለ፦ በእንዲህ ያለ ቤት ቦታ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በተመዘገቡበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። እኔ ዕድሉን ያገኘሁት የመጀመሪያው ቤቴ ባስመረረኝ ሰሞን፣ ከመግባቴ 10 ወር ቀድሜ ስለተመዘገብኩ ነው። በብዙ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነው ጥሩ ክፍል የሚያዘው ገና የዘንድሮው ትምህርት ሳይጋመስ ነው።

ርቆ መከራየትንም አስቤበት ነበር። ለአንድ ወር ያህል የትራንስፖርቱን ወጪና በመንገድ የሚጠፋውን ሰዓት በማስታወሻ ይዤ ሳሰላው፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ከቤተ መጻሕፍቱ መዝጊያ ሰዓት ቀድሞ የሚሄድ ስለሆነ ተውኩት።

ሦስተኛውን ዓመት የኖርኩት ደግሞ ከአንዲት አረጋዊት ጋር ነው። በኔዘርላንድሷ ዴቨንተር ከተማ ባለ የአረጋውያን ማቆያ ተማሪዎች በወር 30 ሰዓት ያህል መልካም ጎረቤት ለመሆን ተስማምተው ያለ ኪራይ እንደሚኖሩ ካነበብኩ በኋላ፣ በእኛም ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ከተማሪዎች ጋር የሚያገናኝ ሰው ጠይቄ አገኘሁ። ባለቤቲቱ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ትምህርቴ ወይም ስለ ዋሴ አልነበረም፤ የኮሪደሩን ጣሪያ አሳይተው፣ «መሰላል ላይ መውጣት ትችላለህ? ይህ አምፖል ከተቃጠለ አራት ወሩ ነው» አሉኝ። አምፖሉን ቀየርኩ፤ ከዚያ ተቀምጠን ስምምነቱን ጻፍን።

ስምምነቱ አንዲት ገጽ ነበረች፦ በሳምንት 7 ሰዓት እረዳለሁ፣ የመብራትና የውሃ ድርሻዬን እከፍላለሁ፣ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ የማመሽ ከሆነ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ መድኃኒት መስጠትና ሰውነት ማጠብን የመሰለ የነርስ ሥራ ግን አይመለከተኝም። ይህን የመጨረሻውን ሐረግ ያስገቡት እርሳቸው ናቸው፤ «ዛሬ ካልጻፍነው በሚቀጥለው ዓመት እኔ ራሴ አዝዝሃለሁ» ብለው። እኔ ደግሞ ቤት ገብቼ አንድ ስሌት ሠራሁ፦ በወር የምሠራበት ሰዓት በከተማው የተለመደ የትርፍ ሰዓት ሥራ ክፍያ ቢባዛ ከሚቀርልኝ ኪራይ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ግማሹን እንኳ አልሞላም። ቢበልጥ ኖሮ ነጻ ቤት ሳይሆን ርካሽ ጉልበት ነበር የሚሆነው፤ በሳምንት 20 ሰዓት የሚጠይቁ እንዲህ ያሉ ውሎችን አይቻለሁ።

ጓደኞቼን መጋበዝ አልቻልኩም፤ ሙዚቃ የምሰማው በጆሮ ማዳመጫ ነበር፤ አንዳንድ ምሽት ደግሞ ብቸኝነታቸው ሲበረታ 7ቱ ሰዓት ወደ 10 ይሳብ ነበር። እርሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ በወሩ መጨረሻ የተረፈውን ሰዓት በእርሳስ ጽፈው፣ በሚቀጥለው ወር ይቀንሱልኝ ነበር።

ልመረቅ ስድስት ወር ሲቀረኝ ተተኪ ፈልጌ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይዤ መጣሁ። በመንገድ ላይ ስለ ውሉ ርዝመት፣ ስለ ሰዓቱና ስለ ክፍያው ያዘጋጀቻቸውን ጥያቄዎች ከወረቀት እያነበበች አሰማችኝ። ገብተን እንደተቀመጥን አረጋዊቷ ቀና ብለው አይተዋት፣ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ጣሪያ አመለከቱ።